«ምንጩ የት ነው?» ያለህ ሰው ጠላትህ አይደለም

(ባለፈው እሁድ ማታ በድምፅ ውይይታችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ኔትወርክ የተቆራረጠባችሁ ልጆች በጽሑፍ ይለጠፍልን ስላላችሁ፣ እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክዬ ይኸው።)



ዛሬ ስለ ጀግና ላወራ አልመጣሁም። ስለ ስንፍናችን ነው የማወራው፣ የኔንም ጨምሮ። የምትቀየሙ ካላችሁ እስክጨርስ ታገሱኝና ከዚያ ተቀየሙኝ።

እኔ ሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እቆማለሁ፤ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ፍለጋ። ሲገኝም ለአንዲት ቦታ የከተማው ተመራቂ በሙሉ ተሰልፎ ነው የማገኘው። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ ነኝ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደኔው እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ውስጥ መስመር የምትጽፉልኝን አነባለሁ። እንግዲህ ጊዜ አለን፣ ተምረናል፣ ቋንቋውንም እንችላለን። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ጻፍን? ኮሜንት ጻፍን። ስክሪንሾት ለጠፍን። «አንብበህ ሼር ካላደረግክ የኛ አይደለህም» የሚል ነገር ላይ እሳት አድርገን ሄድን። በቃ።

እስቲ ስለ ዊኪፔዲያ ላውራችሁ፤ ሁላችሁም በኮሌጅ ጊዜ አሳይንመንት የገለበጣችሁበት ቦታ ስለሆነ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 በእንግሊዝኛ ተጀመረ። ዛሬ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይጻፋል። የሚጽፈው ደግሞ ደመወዝተኛ አይደለም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። በአማርኛስ? 15 ሺህ ገደማ። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው፣ የራሱ ፊደል ያለው ቋንቋ 15 ሺህ ገደማ! ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ተረትና ምሳሌ ብቻ የያዙ፣ የአንድ ሁለት መስመር ገጾች ናቸው። ተረትና ምሳሌውን አልጠላሁትም፤ የሰበሰቡት ሰዎች እኛ ያልሠራነውን ሠርተዋል። ግን አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስለ ኩላሊት ወይም ስለ ድልድይ በአማርኛ ሊያነብ ቢፈልግ ምን ያገኛል?

ቁጥሩ አሳፈረን ብላችሁ ደግሞ ቁጥር ለመጨመር እንዳትሮጡ። እሱ የባሰ ነው። ሴብዋኖ የሚባል የፊሊፒንስ ቋንቋ አለ፤ ዊኪፔዲያው 6 ሚሊዮን ገደማ ጽሑፍ አለው፣ በቁጥር ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚሰለፍ። አብዛኛውን የጻፈው ግን ሰው አይደለም፤ አንድ ስዊድናዊ የሠራው ፕሮግራም ነው። የቢራቢሮ ዓይነት፣ የተራራ ስም፣ የወንዝ ስም ከመረጃ ቋት እየወሰደ በአንድ ቅርጽ የሚያትም። ቁጥሩን ስታዩት ያስደንቃል፤ ገብታችሁ ስታነቡ ባዶ ቤት ነው።

ከዚህ የባሰው የስኮትስ ጉዳይ ነው። ስኮትስ የስኮትላንድ ሰዎች የሚናገሩት፣ ለእንግሊዝኛ ቅርብ የሆነ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ነገር ታወቀ፦ የስኮትስ ዊኪፔዲያን ሰፊ ክፍል የጻፈው ቋንቋውን የማይችል አሜሪካዊ ልጅ ነበር። ገና ታዳጊ ሳለ ጀምሮ ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፍ አስገብቷል። የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ይወስድና ቃሉን በመዝገበ ቃላት እያየ ይተካል። ለዓመታት ማንም አላየውም፤ ለምን ቢባል ባለቤቶቹ እዚያ አልነበሩም። ልጁ ክፉ አልነበረም፣ እየረዳሁ ነው ብሎ ነው። ግን ለስንት ዓመት የውጭ ሰው ያንን እያነበበ «ስኮትስ ማለት የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ደመደመ።

አሁን ወደ እኛ ኑ። ቻትጂፒቲን «ስለ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ጻፍልኝ» ትሉታላችሁ፣ የሰጣችሁን ሳታነቡ ትለጥፋላችሁ። እነዚህ ማሽኖች ደግሞ ቋንቋ የሚማሩት ሰው ከጻፈው፣ ከዊኪፔዲያም ጭምር ነው። የኛው ቆሻሻ ዞሮ ለልጆቻችን አማርኛ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው። የስኮትሱ ልጅ ቢያንስ በእጁ ነው የጻፈው!

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር።

ባለፈው ዓመት ስለ ጋፋት ጻፍኩ። ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ያለች፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ሴባስቶፖል እዚያ ነው የተሠራው፤ አውሮፓውያን ባለሙያዎችና የአገራችን ሠራተኞች አንድ ላይ ሆነው ያወጡት፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ። እኔም እልህ ይዞኝ፣ ወኔዬ መጥቶ፣ ከአንድ ፌስቡክ ላይ ያገኘሁትን ሦስት አንቀጽ ኮፒ አድርጌ፣ ከመሃል «ዓለምን ያስደመመ» «ታይቶ የማይታወቅ» የሚሉ ነገሮች ሰክቼ ለጠፍኩት። «መድፉ በ1867 ዓ.ም. ተሠራ» ይላል።

በሁለተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው መልእክት ተወልኝ። ቃል በቃል ባላስታውሰውም ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ እንኳን ደህና መጡ፣ ስለ ጋፋት የሚጽፍ ሰው በማግኘታችን ደስ ብሎናል፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የዓመተ ምሕረቱ ምንጭ የት ነው?

ደሜ ፈላ። «ይሄ ደግሞ ማነው ታሪኬን የሚጠይቀኝ!» ብዬ መልስ ልጽፍ ጀመርኩ፤ የጻፍኩትን እዚህ ብደግመው እናቴ ትሰማለች። ልልክ ስል ኔትወርኩ ጠፋ። እግዜር ይስጠው ቴሌን፣ አንዳንዴ እንዲህም ይጠቅማል። ኔትወርክ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አየሁት። 1867። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉት መቼ ነው? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። እንግዲህ በኔ ጽሑፍ መሠረት ንጉሡ ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ መድፍ አሠርተዋል።

ስህተቱ ምን እንደሆነ አሁን ሁላችሁም ገባችሁ። 1867 የፈረንጅ ነው። አንዱ ከእንግሊዝኛ ሲተረጉም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ጣላት፣ ሁለተኛው «ዓ.ም.» ጨመረባት፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዓድዋን ተመልከቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። አንዱ 1896 ብሎ ሌላው 1888 ብሎ፣ ሁለቱም የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጽፉ፣ ከሥር መቶ ኮሜንት ስድብ ሲወራወሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ እኮ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር የጻፈ ሰው የማን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ይህችን አንዲቷን ብቻ ብንይዝ እንኳ ግማሽ ጭቅጭቃችን ይቀንሳል።

ያ የማላውቀው ሰው «ደደብ» ቢለኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር? ትቼ እሄድ ነበር። ጋፋትም ከነስህተቷ ትቀር ነበር፣ ወይም ጨርሶ ትሰረዝ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ተቀበለኝ፣ ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። አሥር ስህተት እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ፤ ኮፒ ማድረግ ራሱ ክልክል ነው፣ የሰው ጽሑፍ የሰው ንብረት ነው። «ዓለምን ያስደመመ» የሚለውም አያልፍም፣ ማን ተደመመ? ግን አሥሩንም በአንድ ቀን አልነገረኝም። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አንድ መጽሐፍ ፈልጌ፣ ከነገጽ ቁጥሩ አስገባሁ። ያኔ አመሰገነኝ፣ ሁለተኛውን ስህተት አሳየኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው አደረገኝ።

አሁን የኛን ቤት ልንገራችሁ፣ እንዳትቆጡ። እኛ ዘንድ «ምንጩ የት ነው?» ያለ ሰው ምን ይባላል? ባንዳ ይባላል። «ተልኮ የመጣ» ይባላል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ አያቷ ጠላ እንዴት እንደሚጠነስሱ ጽፋ ላከች። ረጅም፣ ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ እንስራው በምን እንደሚታጠን፣ ድፍድፉ ስንት ቀን እንደሚቆይ። እኛ ምን አደረግን? «ፀ»ን በ«ጸ» ጻፈች ብለን ቀለድንባት። አንዱ ደግሞ «አገር እየታመሰ ስለ ጠላ ታወሪያለሽ» አለ፣ 60 ላይክም አገኘ። ልጅቷ ጽሑፏን አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ጽፋ አላየሁም። እህቴ፣ ዛሬ እያዳመጥሽ ከሆነ ይቅርታ። እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል።

እንግሊዞች ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላታቸውን እንዴት እንደሠሩት ታውቃላችሁ? በሕዝብ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን! እ.ኤ.አ. በ1879 ጄምስ መሪ የተባለው አዘጋጅ ጥሪ አወጣ፦ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሁሉ መጽሐፍ ሲያነብ ያገኘውን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይላክልን። ግን ዝም ብሎ ላኩ አላለም። ቃሉ ከላይ በግራ በኩል ይጻፍ፣ ዓመቱ ይቀመጥ፣ ደራሲው፣ መጽሐፉ፣ ገጹ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ። የማያውቀው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ላከለት። ሚሊዮኖች ወረቀት! ግቢው ውስጥ በሠራት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ልጆቹ ሳይቀሩ ተቀምጠው በፊደል ተራ ይለዩ ነበር። ከሱ በፊት የነበሩት ሰዎች የሰበሰቡት በጆንያ ሲመጣለት አንዱ ጆንያ ውስጥ አይጥ ከነልጆቿ ተገኝታለች ይባላል። የኛም ስልክ ውስጥ «ሴቭ» የተደረገው ፖስት ዕጣው ከዚያ አይሻልም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ወረቀቱ ሲደረደር መሪ አንድ ጉድ አየ። ሰው ሁሉ የላከው ብርቅ ብርቁን ቃል ነው። «አቢዩዥን» ለሚባል ማንም ለማይጠቀምበት ቃል 50 ያህል ወረቀት መጣ። «አቢዩዝ» ለሚለው፣ በየቀኑ ለሚነገረው ቃል ግን አምስት እንኳ አልሞላም። ሰው የለመደውን ነገር አያየውም። ሁሉም ሌላው ይልከዋል ብሎ ተወው።

እኛም ይኸው ነን። አባላት የሚልኩትን ጽሑፍ ሳይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ሰልፍ ነው። ስለ አንድ ንጉሥ ሰባት ሰው ይጽፋል፣ ሰባቱም ከአንድ ቦታ ገልብጠው። ስለ ሞፈርና ቀንበር ግን ማን ጻፈ? ማንም። እኔ ኢንጂነር ነኝ እባላለሁ፤ የኃይል ስርጭት ተምሬአለሁ፣ የብረት ጥንካሬ አሰላለሁ። ባለፈው ለበዓል ገጠር ስሄድ አባቴን «ማረሻው በምን ተይዞ ነው የማይወልቀው?» አልኩት። ሣቀብኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አሳየኝ፦ ይሄ ሞፈር፣ ይሄ እርፍ፣ ይሄ ድግር፣ ይሄ ወገል፣ ይሄ ምራን። ድግሩ አፈሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሚከፍለው፣ ምራኑ ሲላላ ማረሻው ጥልቀት እንደሚያጣ፣ ሁሉንም። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩ ሰው እርፍና ድግር መለየት አልችልም ነበር። አባቴ ደግሞ መጻፍ አይችልም። በመካከላችን ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ሊጠፋ የሚችል ነው፣ እናንተዬ!

ስለዚህ የጠላዋ ልጅ ከሰባቱ የንጉሥ ጸሐፊዎች የበለጠ ሠርታ ነበር። እኛ ነን ያልገባን።

አንድ ሰው ደግሞ ልጨምር፣ ከዚያው ከመሪ ታሪክ። ዶክተር ማይነር የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ የጦር ሐኪም የነበረ፣ አእምሮው ታውኮ ለንደን ውስጥ ሰው ገድሎ ብሮድሙር በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የታሰረ። ሥራ የለውም፣ ነፃነት የለውም። መጽሐፍ ግን አለው። ይሄ ሰው እንደ ሌላው ያገኘውን ሁሉ እየጻፈ አልላከም። የሚያነበውን እያንዳንዱን መጽሐፍ ቃላት ለራሱ በማውጫ ያዘ፤ ከዚያ ለአዘጋጆቹ ጻፈና «አሁን የምትሠሩት የትኛውን ቃል ነው? ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የጎደላቸውን ቃል ሲነግሩት ከማውጫው አውጥቶ ላከ። ለዓመታት እንዲህ ሠራ፤ ከሁሉም በላይ ከጠቀሟቸው ሰዎች አንዱ ሆነ።

እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ካፌ ቁጭ ብለን «ለምን የኔን ፖስት አልለጠፋችሁትም?» እንላለን። (ይሄን ያልኩት ለማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል፤ ሰላም ብያለሁ።)

ፈረንጅ ፈረንጅ አልክ እንዳትሉኝ፣ የኛንም እናገራለሁ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፣ ሳይጨርሱ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተውበት መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸውም በተራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ነበር የተዉት። አለቃ ደስታ ምን አደረጉ? የራሳቸውን ሥራ ወደ ጎን አድርገው በ1948 ዓ.ም. የመምህራቸውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በመምህራቸው ስም! የራሳቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። ሦስት ትውልድ ሰው አንድ ሥራ ተቀባበለ፤ እኛ የሰው ፖስት ስንወስድ ስሙን ቆርጠን የራሳችንን ሎጎ እንለጥፍበታለን።

እና ምን እናድርግ ላላችሁ። ብዙ ሕግ አላወጣም፤ ሕግ ብናወጣ አንድ ሳምንት አክብረን እንተወዋለን። የምለው ይሄ ነው። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ጽሑፉን ሲልክ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ይስጠው፣ እኔ ለአንድ ወር ይህን ሥራ ወስጃለሁ። ያልተስማማንበትን ውስጥ መስመር እንነግረዋለን፣ በአደባባይ አይደለም። የፊደሉን ነገር እኛ እናስተካክላለን፤ «ሀ»ና «ሐ» አደናግሮት የቀረ ሰው እንዳይኖር። ከሱ የምንፈልገው ሌላ ነው፦ ከየት አገኘኸው? ያየኸው ነው፣ የሰማኸው ነው፣ ያነበብከው ነው? ያየኸው ከሆነ የት፣ መቼ? ያነበብከው ከሆነ የትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛው ገጽ? ከአያትህ የሰማኸው ከሆነም እሰየው፣ ከማን አካባቢ እንደሆነ ጻፍልንና እናስቀምጠዋለን። ዊኪፔዲያ ላይ ግን የታተመ ምንጭ ይፈለጋል፤ የቃል ታሪክ ብቻውን እዚያ አያስገባም። ስለዚህ ሁለቱን አናደባልቃቸው፣ አንዱን ለአንዱ ቦታ።

«ሚዛናዊ ሁን ማለት አገሬን አትውደድ ማለት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ወንድሜ፣ እንደዚያ አይደለም። ቅጽል የሞላበትን ጽሑፍ የሚጠላህ ሰው በአንድ ደቂቃ ይሰርዘዋል፣ ምክንያቱንም ይጽፋል፣ ልክም ይሆናል። ቀንና ገጽ ያለውን ግን ቢጠላህም ሊነካው አይችልም፤ ቢነካው እንኳ ማን መቼ ምን እንደቀየረ በታሪክ ገጹ ላይ ተመዝግቦ ስለሚቀር መልሰህ ታቆመዋለህ። አንተ የቱን ትመርጣለህ?

ሰኞ ጠዋት የጎደሉንን ነገሮች ዝርዝር እለጥፋለሁ፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ብቻ ውሰዱ፣ ሁለት አትውሰዱ። ነርስ የሆናችሁ ልጆች፣ ስለ ውኃ ወለድ በሽታ በንጹሕ አማርኛ የሚጽፍ እንፈልጋለን። አካውንቲንግ የተማራችሁ፣ ስለ እቁብና እድር አሠራር። የጠላዋን ጽሑፍ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ላኩልኝ፤ ባለቤቷ ከፈቀደች በስሟ እንመልሰዋለን።

የመጀመሪያዋን እኔ ወስጃለሁ፤ የእርሻ ዕቃዎችን። ግማሹን ከአባቴ ጽፌአለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ፣ ስለ ሞፈር የታተመ ነገር ገና እየፈለግሁ ነው። ቤተሰባችሁ የሚያርስ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁልኝ፦ በናንተ አካባቢ ድግር ምን ይባላል? ስሙ ይለያል ወይስ አንድ ነው? ከየትኛው እንጨትስ ይቆረጣል? አባቴ ወይራ ነው ይላል፣ አጎቴ ደግሞ አይደለም ብሎ ተከራከረው፤ እስካሁን አልተስማሙም።

ማይኩን ከፍቻለሁ። እጃችሁን አንሡ።